ወደ ማሳይ ማራ ስንሄድ ዶላር፣ ሽልንግ ወይስ ካርድ?

ዘ-ሽምብጥ፦
ጤና ይስጥልን። ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር በሐምሌ ወር ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም የዱር እንስሳትን ለማየት ወደ ማሳይ ማራ ለመጓዝ ተሰናድተናል። አስጎብኚ ድርጅቱ ዋጋውን በዶላር ነግሮናል፤ ለመንገድ፣ ለቲፕና ለትናንሽ ወጪዎች የሚሆነውን ግን በምን መልክ እንደምንይዝ አልወሰንንም። ሁሉንም በጥሬው ይዞ መሄዱ ያሠጋኛል፤ በካርድ ብቻ መተማመኑም እንዲሁ።

ዓባይ ማዶ፦
ባንክ ውስጥ ስለምሠራ ከዚያው ልጀምር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያልና፣ ፓስፖርትዎንና የአውሮፕላን ቲኬትዎን ይዘው ከአንድ በላይ ባንክ ይጠይቁ። ዶላሩን የገዙበትን ሰነድ እስኪመለሱ ድረስ አይለዩት፤ ከመንገድ ላይ የተገዛ ዶላር ይህ ሰነድ ስለሌለው ቦሌ ላይ ቢጠየቁ የሚያሳዩት አይኖርዎትም። በብር ሒሳብዎ ላይ የተሰጠዎት ተራ የኤቲኤም ካርድ ናይሮቢ ላይ ይሠራል ብለው አይቁጠሩ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ ለብቻው ይጠይቁ። እዚያ ሲከፍሉ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በሽልንግ?» ብሎ ከጠየቀዎት ሽልንግን ይምረጡ፤ በዶላር ካሉት የምንዛሪውን ዋጋ የሚቆርጠው የማሽኑ ባለቤት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። እኔ ብሆን አብዛኛውን በካርድ አደርገዋለሁ።

የዘጌ ታንኳ፦
በዚህ በመጨረሻው ሐሳብ አልስማማም። ናይሮቢ ላይ ካርድ ይሠራል፤ ፓርኩ አካባቢ ባሉ ካምፖች ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ካርዱ ከኪስ አይወጣም። ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ወጪ ያጣሩ፦ የማሳይ ማራ መግቢያ ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ እስከ ጁን መጨረሻ በቀን 100 ዶላር ሲሆን፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የጎረቤት ቅናሽ ይደረግልኛል ብለው አይጠብቁ። እርስዎ የሚሄዱት ውድ በሆነው ወቅት ነውና፣ መግቢያው በድርጅቱ ዋጋ ውስጥ መካተቱንና ለስንት ቀን እንደሆነ በጽሑፍ ያስፈርሙ።

ዶላሩን በተመለከተ አዲስና ንጹሕ ኖት ይያዙ። እኛም እንግዶችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ ስናደርስ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር ሲሰጠን ባንክ አልቀበል ይለናል፤ ኬንያ ደግሞ ከፈረንጆቹ 2009 በፊት የታተመውንም ብዙዎች አይወስዱም። ለሹፌር አስጎብኚው በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር ቲፕ መስጠት የተለመደ ስለሆነ ዘርዘር አድርገው ይያዙ። ሽልንጉን ናይሮቢ ላይ ይመንዝሩ፤ ካጠረዎት መንገድ ላይ ናሮክ ከተማ ባንክ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይመኑ። በፓስፖርትዎ የኬንያ ሲም ካርድ አውጥተው ኤምፔሳ ቢከፍቱ ሻይ ቤቱም ታክሲውም ይቀበልዎታል፤ እኛ ቴሌብርን ከመልመዳችን በፊት፣ ከፈረንጆቹ 2007 ጀምሮ፣ እነርሱ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ የመያዝ ልማድ ካለዎት ይተዉት፤ የፕላስቲክ ከረጢት እዚያ አገር ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ክልክል ነው።

ዘ-ሽምብጥ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ብር ይዘን ሄደን እዚያ ብንመነዝርስ?

ዓባይ ማዶ፦
አይሞክሩት። የሚይዙት ብር ሲመለሱ ለታክሲ የሚሆነው ብቻ ይሁን፤ የተረፈ ሽልንግ ካለዎትም ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መንዝረው ይምጡ።