የአልፍሪስተን የካህናት ቤት፦ መሃሉ ለምን ወደ ውስጥ ገባ?

ሳምሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ኢስት ሰሴክስ፣ አልፍሪስተን መንደር፣ ከቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለውን የድሮ የካህናት ቤት አየሁት። ዳር ያለው ፎቅ ከታቹ ግድግዳ አልፎ ወጣ ብሏል፤ መሃሉ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። ለጌጥ ነው? ደግሞ ወለሉ በኮመጠጠ ወተት የተሠራ ነው ሲሉኝ ቀልድ መሰለኝ።

አናጢው፦
እህቴ፣ መሃሉ መቼ ገባ? ዳሩ ነው እንጂ የወጣው። እንዲህ ያለው ቤት ዊልደን ይባላል፤ ኬንትና ሰሴክስ ሞልቶታል። መሃሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው። እሳቱ እዚያው ወለሉ ላይ ይነዳል፣ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል። ከእሳት በላይ ማን ፎቅ ይሠራል? ፎቅ ያላቸው የዳርና የዳር ክፍሎች ናቸው። የፎቁ ወለል አግዳሚዎች ከታቹ ግድግዳ አልፈው ይወጡና የላዩ ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ይቆማል። አዳራሹ አግዳሚ ከሌለው ምን ያወጣል? ጣሪያው ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ በአዳራሹ ፊት የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ርቆ ይንሳፈፋል። ቆልመም ያሉት እንጨቶች እሱን ደግፈው ነው የቆሙት።

 

ወተቱ እውነት ነው። የዚያ አገር ኮረብታ ጠመኔ ነው፤ ያደቁትና ይጠቀጥቁታል፣ ላዩ ላይ የኮመጠጠ ወተት ያፈሱበታል። የወተት ፕሮቲን ሲደርቅ ሙጫ ነው፤ የድሮ አናጢዎችም እንጨት ያጣብቁበት ነበር።

ደረጀ፦
በ10 ፓውንድ የተሸጠው እሱ አይደል?

አናጢው፦
አዎ ደረጀ፣ በ1896። የድሮ ቤቶችንና ቦታዎችን የሚጠብቀው ድርጅት ናሽናል ትረስት በተመሠረተ በዓመቱ፣ የመጀመሪያ ሕንፃው አድርጎ ገዛው። ቤቱ ያኔ ሊፈርስ የደረሰ ነበር፤ የደብሩ ቄስ ቤይነን ናቸው ይትረፍ ብለው የተሟገቱት። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዷ ኦክታቪያ ሂልም ብዙ ደክማለች። አዳራሹ ውስጥ የተቀረጸች የኦክ (ጠንካራ እንጨት ያለው ዛፍ) ቅጠል አለች፤ የድርጅቱ ዓርማ ከእሷ ተወሰደ ይባላል።

ሳምሪ፦
አመሰግናለሁ! ግን ጭስ ማውጫ አይቻለሁ እኮ።

አናጢው፦
በኋላ የተጨመረ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጡብ ጭስ ማውጫ ሲስፋፋ እሳቱ ከመሃል ወደ ግድግዳ ሄደ፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ አዳራሹን በፎቅ ከፈለው። ለዚህ ነው ዛሬ ክፍት አዳራሽ እንደ ልብ የማይገኘው። የአልፍሪስተኑ ግን ክፍት ነው። ደግመሽ ከሄድሽ ከቅጠሏ በፊት ቀና ብለሽ የጣሪያውን እንጨት እዪ፤ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘው በእንጨት ችንካር ነው።