የእርዱ ቢጫ እያደረ ይዘቅጥብኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማስተርስ ጥናቴ ስለፋ ተቀርቅሬያለሁ።

ከእርድ የሚገኘውን ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚንን፣ ውሃ ውስጥ ማሟሟት ነው የፈለግኩት። እሱ ደግሞ ውሃ አይወድም። ስለዚህ ፕሉሮኒክ ኤፍ 127 የተባለ ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል) ያዝኩ። የሞለኪውሉ ሁለት ጫፎች ውሃ ይወዳሉ፣ መሃሉ ይሸሻል። ውሃው ውስጥ ብዛታቸው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ፣ ሰብሳቢ ሳያስፈልጋቸው ተሰባስበው ሚሴል የሚባሉ ደቃቅ ኳሶች ይሠራሉ። ሳሙና ቅባትን እንደሚይዘው፣ ኩርኩሚኑን ውስጣቸው መያዝ ነበረባቸው።

ኩርኩሚኑንና ፖሊመሩን በኢታኖል (በአልኮል) አሟሟሁ። ኢታኖሉን አትንኜ ቀጭን ሽፋን ሲቀር ውሃ ጨመርኩ። ማታ ጠጅ የመሰለ ጥርት ያለ ቢጫ! በደስታ ፒያሳ ወርጄ ማኪያቶ ጠጣሁ። ጠዋት ስመለስ ዱቄቱ ከታች ተኝቷል። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ኩርኩሚን አብዝቼ ይሆን? ወይስ ኢታኖሉ በደንብ ሳይወጣ ቀርቶ? ፍሪጅ ውስጥ ማሳደሬንም ጠርጥሬያለሁ፤ ይህ ፖሊመር ሲቀዘቅዝ ሚሴሉ ይፈርሳልና። የኳሶቹን መጠን የሚለካ መሣሪያ የለኝም። የሌዘር መብራት አብርቼበት ጨረሩ ፈሳሹ ውስጥ ሲታይ ነው ኳሶቹ መኖራቸውን የምገምተው።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ስንት ለስንት ቀላቀላችሁ? ከብርሃን ጋርዶ ውጭ ማሳደር ይሻል ይሆን? አማካሪዬን ዓርብ አገኛቸዋለሁ፣ ባዶ እጄን መሄድ አፍሬያለሁ።