ጋሼ ጡረታ ሳይወጡ ለጥገና ክፍላችን ዊኪ እንዴት ላስለምድ?

ጥያቄ (ባዮሜድ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ስድስት ነን። አንደኛው ጋሼ በሚያዝያ ጡረታ ይወጣሉ። ኦቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ሲያስቸግር ድምፁን ሰምተው ብቻ ምን እንደሆነ ይነግሩሃል። ሌሎቻችን የምንጠያየቀው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ፎቶ ይላካል፣ መልስ ይመጣል፣ በሳምንቱ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ስር ይቀበራል። ባለፈው ወር ሁላችንም የምንጽፍበትና የምናርመው ድረ ገጽ (ዊኪ) እንዲኖረን ዶኩዊኪ የሚባል ፕሮግራም ጭኜ 12 ርዕስ ከፈትኩ። እስከ ዛሬ ግን ማንም አልጻፈባቸውም። ኢንተርኔታችንም ይቆራረጣል። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰርቨር ጠባቂ
የመረጥከው ጥሩ ነው። ዶኩዊኪ ዳታቤዝ አይፈልግም፤ ገጹ ሁሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አድርገህ በውስጥ ኔትወርክ ክፈተው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ፎልደሩን በየዓርቡ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። የይለፍ ቃልና የታካሚ ስም ግን እንዳይገባበት።

አሠልጣኟ
ወንድሜ፣ 12ቱን ባዶ ርዕስ አጥፋቸው። ባዶ ገጽ ሰው ያስፈራል። ቴሌግራም ላይ ጥያቄ ሲመጣ መልሱን ዊኪው ላይ ጻፍና ሊንኩን ላክ። ሰው መጀመሪያ ሊያነብ ይመጣል፤ መጻፉ ቀስ ብሎ ይከተላል።
ጋሼን ደግሞ «ይጻፉ» አትበሏቸው። ሲሠሩ አንድ ልጅ አጠገባቸው ይቁም። «አሁን ለምን እዚያ ነኩ?» እያለ ይጠይቅ፣ ይጻፍ፣ ማታ ያንብብላቸው። ስህተት ሲሰሙ ዝም አይሉም፤ ዋናው እውቀት የሚወጣው ያኔ ነው።

ብሎን
እኛ ጋ አለቃችን «ዊኪ ላይ ሳይጻፍ የሥራ ካርድ አይዘጋም» አለ። ውጤቱ? ሁሉም ገጽ ላይ «ተስተካክሏል» የሚል አንድ ቃል። የሠራልን ሦስት ጥያቄ ነው፦ ምን አየህ? መጀመሪያ ምን ፈተሽክ? ምን ሆኖ ተገኘ? ለመጻፊያ 10 ደቂቃ ከሥራ ሰዓት ተሰጠን።

ሰርቨር ጠባቂ
ጀማሪዎቹ መሳሳት ፈርተው ከሆነ የገጹን ታሪክ ክፈትና አሳያቸው። ማን ምን እንደለወጠ ይታያል፣ የድሮው በቀላሉ ይመለሳል። ዋርድ ካኒንግሃም በ1995 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዊኪ ለፕሮግራመሮች ሲከፍት ስሙን የወሰደው «ፈጣን» ከሚለው የሃዋይ ቃል ነው። ስለዚህ ያልተጠናቀቀ ገጽ ነውር የለውም።

አሠልጣኟ
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ የሙቀትና የግፊት ቁጥር ሲጻፍ ከአምራቹ መመሪያ ጋር ሌላ ሰው ያመሳክር። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም።

ባዮሜድ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባዶዎቹን አጠፋኋቸው። አሁን አራት ገጽ አለን፣ ሁለቱን የጻፉት ሌሎች ናቸው። የመጀመሪያው «ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ አይደርስም» ይላል። ልጁ «በበሩ ዳር እንፋሎት ካለ ጎማውን ፈትሽ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሲያነብላቸው ጋሼ አስቆሙት። ከላይ እንዲህ አስጻፉት፦ «መጀመሪያ ግፊቱ ዜሮ ይሁን፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ጎማውን ዙሪያውን በጣት ዳስስ። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ቀይረው። ከሌለ የተቀመጠበትን ቦይ ጥረግ፤ ቆሻሻም ያስተነፍሳል።»
ነገ ሴንትሪፊውጁን (ናሙና በፍጥነት የሚያሽከረክረውን ማሽን) ሊያሳዩን ነው።