የምድር ቤት ፓምፕ ህምም ይላል ውሃ አያወጣም፣ ላስጠቅልለው ወይስ አዲስ ልግዛ?

የፉሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። ቤታችን ፉሪ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን ሆኖ ከስሩ እቃና ጤፍ የምናስቀምጥበት ምድር ቤት አለው። በጋ ላይ ምንም የለውም ደረቅ ነው፣ ሐምሌ ሲጋመስ ግን ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጋ ውሃ ማመንጨት ይጀምራል፣ በዛን ቀን ባይዘንብ እንኳን ይመጣል። ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ ጥግ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፕ አስገብቶበት ስለነበር እስከ አምና ችግር አልነበረብንም። ዘንድሮ ግን ፓምፑ ህምምም ይላል እንጂ ውሃ አያወጣም፣ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወድቃል። አንዱ ባለሙያ ሳይፈታው የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ተቃጥሏል አስጠቅልዪው አለኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ጣይውና አዲስ ግዢ ይላል። አሁን በባልዲ እየቀዳን ነው፣ ጤፉን ብሎኬት ደርድረን ላዩ ላይ አድርገነዋል። መርካቶ ብጠይቅ ግማሽ ፈረስ፣ አንድ ፈረስ፣ አንድ ተኩል ይሉኛል፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚያወድሰው። ከጉድጓዱ ወለል እስከ ቧንቧው መውጫ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ቢሆን ነው። ደግሞስ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ጋ ዝናብ ሲጠነክር መብራት መሄዱ ያለ ነው።

ኤሌክትሪክ ነኝ፦
እህቴ ሳይፈታ ተቃጥሏል ያለሽን ሰው እርሺው። ህምም ብሎ አለመዞር ማለት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ሞተሩን ለመነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ሞቷል ወይ ደግሞ ከስር ውሃውን የሚገፋው ክንፍ በሆነ ነገር ተይዟል። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ብሬከር ማውረድ ብቻ አይበቃም። ከዛ በገመዱ ጎትተሽ አውጪው፣ በኤሌክትሪክ ሽቦው እንዳትጎትቺው፣ ሽቦው ከገባበት ጎማ ትንሽ ከተላቀቀ ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል አለቀ። ከስር ያለውን ወንፊት ፈትተሽ እይው፣ ፌስታል፣ የጆንያ ክር፣ ጠጠር ነው የሚገኘው። ክንፉ በእጅ በቀላሉ ከዞረ ቀጥሎ ካፓሲተሩን አስለኪ፣ ካበጠ እማ ሳይለካም ያስታውቃል። ስትቀይሪው ላዩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ ያው መሆን አለበት፣ ሻጩ "ይሄም ይሰራል" ቢልሽ አትስሚው።

ስለ ብሬከሩ ደግሞ፦ ቆይቶ ከወደቀ ሞተሩ መዞር አቅቶት ብዙ ከረንት እየሳበ ነው፣ ሶኬት እንደሰካሽ ወዲያው ከወደቀ ግን ጥቅልሉ ወይም ሽቦው ሾርት አድርጓል። ያኔ ትንሽዬ ፓምፕ ማስጠቅለል ለኔ አይዋጥልኝም። ጥቅለላው ራሱ አይደለም ችግሩ፣ ከተከፈተ በኋላ ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ማሸጊያ (ሲል የሚሉት) በአዲስ ካልተተካና በደንብ ካልተገጠመ ተመልሶ ውሃ ይገባዋል። ትልቅ ሶስት ፌዝ ሞተር ቢሆን አስጠቅልዪው እልሽ ነበር።

አያት 49፦
አዲስ የምትገዢ ከሆነ በፈረስ ጉልበት አትግዢ። ፓምፑ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ታያለሽ፣ ከፍተኛው የውሃ መጠንና ከፍተኛው ቁመት። ሁለቱን አንድ ላይ አታገኚያቸውም፣ ያንን ሁሉ ውሃ የሚሰጠው ምንም ከፍታ ሳይወጣ ሲሆን ነው፣ የተጻፈው ቁመት ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚወጣው ዜሮ ነው። ስለዚህ 4 ሜትር ለመግፋት 5 ሜትር የተጻፈበት ገዝተሽ እንዳትሸወጂ፣ የቧንቧው መታጠፊያና ርዝመትም የራሱን ይበላል፣ 8 ምናምን የሚል ያዢ።

ምን ያህል ውሃ እንደሚገባ ደግሞ ራስሽ ለኪው። ጉድጓዱን ቅጂና በደቂቃ ስንት ሳንቲ እንደሚሞላ እይ። ለምሳሌ 60 በ60 ሳንቲ የሆነ ጉድጓድ በደቂቃ 5 ሳንቲ ከጨመረ 18 ሊትር ነው፣ በሰዓት ከ1,080 ሊትር አይበልጥም ማለት ነው፣ ለዚህ ግማሽ ፈረስ ተርፎት ይሄዳል። ትልቅ ሲሆን ጥሩ ይመስላል ግን ጉድጓዱን ባንዴ ይጨርስና ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል፣ በዚህ መነሳትና መጥፋት ነው የሚቃጠለው። ሌላው፣ ለቆሻሻ ውሃ የተሰራውን በይ፣ ለጥልቅ ጉድጓድ የሚሆነውን ቀጭን ረጅሙን እንዳይሰጡሽ፣ እሱ ጭቃ አይወድም።

ለቡ ሰፈር፦
ሁሉም ስለ ፓምፕ ነው የሚያወራው፣ ውሃው ከየት መጣ ያለ የለም! እዛ አካባቢ እኮ ዋልካ ነው፣ ጥቁር አፈር፣ ኮንትራክተሮቹ ብላክ ኮተን የሚሉት። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ይጠጣና ያብጣል፣ ከዛ በኋላ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። መሰረቱ ሲሰራ ጎኑ የተቆፈረው ቦታ ላላ ባለ አፈር ስለሚሞላ የጣራው ውሃ በሙሉ እዛ ይጠራቀምና ግድግዳሽን ታኮ ይቆማል። ዝናብ ሳይዘንብ የሚመጣው ለዛ ሊሆን ይችላል። እስቲ አሸንዳሽ የት ነው የሚያፈሰው? ብዙ ቤት ላይ አሸንዳው ወርዶ ግድግዳው ስር ነው የሚያልቀው፣ ባለቤቱ ደግሞ ምድር ቤት ገብቶ ይቀዳል፣ ከላይ ያወረደውን ከታች ማውጣት ነው እኮ። በቱቦ ከቤቱ አርቂው፣ ግቢው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጊ፣ ግማሹ ችግር ሊቀልልሽ ይችላል።

ውሃው ይሸታል ወይ? ከሸተተ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ ያንቺም የጎረቤትም ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። በጋም ትንሽ ትንሽ ካለ ደግሞ ቆጣሪውን እዪ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ የሚያወጣውንም ሴፕቲክ ውስጥ እንዳትለቂው፣ ክረምቱን ሙሉ ይሞላብሻል። ጎረቤት በር ላይም አይሆንም፣ ወረዳ ድረስ ትከሰሻለሽ።

የፉሪዋ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። አይሸትም፣ በጋ ላይም ጠብ አይልም። አሸንዳው እንዳልከው ግድግዳው ስር ነው የሚያልቀው፣ ባለቤቴን ልኬዋለሁ ቱቦ ሊገዛ። ፓምፑን አስወጥተን አየነው፣ የጆንያ ክር ተጠምጥሞበት ነበር ግን ክሩ ከወጣለት በኋላም ሶኬት ሲሰካ ወዲያው ብሬከር ይጥላል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። ስለዚህ አዲስ ነው። የመብራቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ኤሌክትሪክ ነኝ፦
እሺ መብራቱ። ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ስለዚህ ግማሽ ፈረስ (370 ዋት አካባቢ) ነው ብለሽ 500 ዋት ኢንቨርተር (ከባትሪ መብራት የሚሰጠው) ብትገዢ አያስነሳውም። ከ1,500 በታች አትውረጂ፣ ደግሞ ፒውር ሳይን ዌቭ የሚባለው ይሁን፣ ርካሹ ሞተር ያሞቃል። ጀነሬተር ካላችሁ እሱ ይበቃል፣ ግን ግቢ ውስጥ እንጂ ምድር ቤት እንዳታስነሺው፣ ጭሱ ይገድላል፣ በመስኮት በኩልም እንዳይገባ ራቅ ይበል።

የፓምፑ መስመር ላይ 30 ሚሊአምፒር ሊኬጅ ብሬከር (ከረንት ሲያፈስ የሚያጠፋው) ይግባ፣ ኢርዙም (የመሬት ሽቦው) በትክክል ይታሰር፣ ውሃ ውስጥ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። በስኮች የተጠቀለለ የሽቦ መቀጠያ ጉድጓዱ ውስጥ አይኑር። ቮልቴጅም አስለኪ፣ ዳር ሰፈር ማታ ማታ በጣም ይወርዳል፣ ሞተር ደግሞ በትንሽ ቮልቴጅ ይቃጠላል።

ሲገጠም ከጉድጓዱ ስር 02 የሚባለውን ጠጠር አስደልድዪ፣ ፓምፑ ጭቃ ላይ ሳይሆን ብሎኬት ቁራጭ ላይ ይቀመጥ። ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ማብሪያ ግድግዳውን ሳይነካ ወደላይም ወደታችም ሲሄድ ቆመሽ እዪ፣ የሚይዘው ነገር ካለ ወይ አይነሳም ወይ ደርቆ ይሰራና ይቃጠላል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ ባልዲ ውሃ ጨምረሽ ሞክሪው።

አያት 49፦
ቼክ ቫልቭ ረሳችሁ። ከፓምፑ በላይ ቧንቧው ላይ ይገባል፣ ፓምፑ ሲጠፋ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱን እንዳይሞላ። ከሱ በታች፣ በፓምፑና በቫልቩ መሀል ደግሞ ቧንቧው ላይ 3 ሚሊ ቀዳዳ ይበሱልሽ፣ አየር እንዲወጣበት ነው፣ አየር ታፍኖ ሲቀር ፓምፑ እየዞረ ውሃ አይገፋም። ሲሰራ ከቀዳዳው ትንሽ ይረጫል፣ ሰራተኛው ሊክ ነው ብሎ እንዳይደፍንብሽ ንገሪው።