ለአሳታሚዎች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቅና ውይይት

አስተባባሪ፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ አባላት፣ የመጀመሪያ ድርሰታቸውን ይዘው አሳታሚ የሚፈልጉ ጓደኞቻችንን የደራሲዎች ማኅበራችን እንዴት ሊያግዝ እንደሚችል የሚገልጸውን ረቂቅ ለአስተያየት አቅርቤያለሁ። በውጭ አገር እንዳለው ያለ የደራሲ ወኪል በእኛ ዘንድ ስላልተለመደ፣ ጀማሪው ደራሲ ብቻውን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከደጅ ደጅ ይንከራተታል፤ ሲሰለቸውም ተበድሮ በራሱ ወጪ ያሳትማል። ስለዚህ ወኪል የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም የድርሰት ረቂቅ መምረጥን፣ ለሚስማማው አሳታሚ ማድረስንና ውል መመርመርን፣ ማኅበሩ እንዲይዘው ሐሳብ አቀርባለሁ። ለወጪ መሸፈኛም ረቂቁን የሚያስገባ አባል 500 ብር ይክፈል።

አባል፣ ባሕር ዳር

የ500 ብሩ ነገር ይቅር እላለሁ። በእንግሊዝና በአሜሪካ የታወቀ ወኪል ረቂቅ ለማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድርሻውን፣ ብዙውን ጊዜ 15 ከመቶውን፣ የሚወስደው ደራሲው ሲከፈለው ነው። አስቀድሞ ክፍያ የሚጠይቀውን ደራሲዎች የሚሸሹት ስለዚህ ነው፤ እኛም በዚያ ዓይን መታየት የለብንም።

አባል፣ ፍኖተ ሰላም

በዚህ እስማማለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ረቂቁ ከእጃችን ሳይወጣ በፊት ያለው ሥራ ነው። በታወቁት የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ የተበላሸውንም አፍርሶ እንደገና ያስቆጥረዋል። እኛ የዚህ አገር ልጆች ሆነን ሳለ ማንም ያላነበበውን ጽሑፍ ለማናውቀው አርታኢ እንልካለን። የራሴን ልናገር፦ በመጀመሪያው ልብ ወለዴ ዋናው ገጸ ባሕርይ ብቅ የሚለው በ38ኛው ገጽ ላይ ነበር፤ እስከዚያ ያለው የአያት ቅድመ አያቶቹ ታሪክ ነው። አሳታሚው 38ኛው ገጽ ላይ አልደረሰም፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ረቂቅ ሁለት ሰዎች ያንብቡት፤ አንደኛው ደራሲውን የማያውቅ ይሁን፣ ወዳጅ ሲያነብ ያዝናልና።

አባል፣ ዳንግላ

የፍኖተ ሰላሙ መምህራችን ያሉት ይጽደቅ፤ እኔ ስለ ደብዳቤው ልጨምር። አሳታሚ የሚፈራው ያልታወቀ ስም አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ የሚቀር መጽሐፍ ነው እንጂ። ስለዚህ ከታሪኩ አንድ ገጽ ማጠቃለያና ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ጋር የሚላከው ደብዳቤ፣ መጽሐፉን ማን እንደሚገዛው በግልጽ ይናገር፤ ደራሲው በሞጣ፣ በቡሬና በእንጅባራ የምረቃና የንባብ ዝግጅት ሊያደርግ ይችል እንደሆነም ይጥቀስ። «ድንቅ መጽሐፍ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሉም ደብዳቤዎች ይውጣ፤ እሱን አንባቢው ይበለው። ለአንድ አሳታሚም የልጆች መጽሐፍ የሚያሳትም መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ ተረት መላክ የሁለቱንም ጊዜ ማባከን ነው።

አባል፣ ባሕር ዳር

ውሉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ከሥራው የመጠቀም መብቱን፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ መስጠት አያስፈልግም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ሒሳቡ መቼ እንደሚተሳሰብና መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ድጋሚ ኅትመቱን ማን እንደሚወስን ይግለጽ፤ ወደ ሌላ ቋንቋ የመተርጎምና በድምፅ የመተረክ መብት ለየብቻ ይጠቀስ።

አስተባባሪ፣ ደብረ ማርቆስ

ክፍያው ተሰርዟል፤ የሁለቱ አንባቢዎች፣ የደብዳቤውና የውሉ ነጥቦች ገብተዋል። የቀረው የአንባቢዎች ምደባ ነው፦ የፍኖተ ሰላሙ መምህራችን ልብ ወለዱን፣ የዳንግላዋ እኅታችን የልጆች መጻሕፍቱን ቢይዙልን፣ ግጥም የሚያነብልን ሰው ብቻ ይጎድለናል። ፈቃደኛ የሆነ እስከ መጋቢት 20 ያሳውቀኝ።