«በልተሽ እንዳትጸጸቺ» ያለኝ ማነው?

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ደሜ ፈልቷል። ከፊቴ ያለው ትልቁ ስክሪን ላይ አንዲት ሸንቃጣ ልጅ ሚዛን ላይ ቆማ ትስቃለች። በእጇ የዳይት ብስኩት ይዛለች። ከሥሯ በትልቁ «በልተሽ እንዳትጸጸቺ!» ይላል። እኔ ቁርስም አልበላሁ፤ ምኑን ነው የምጸጸተው? ይሄን እያሰብኩ ከኋላዬ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ለጓደኛዋ «ትናንት እኮ ሁለት ቦምቦሊኖ በላሁ» አለቻት። ድምፅዋን ቀንሳ፣ ለንስሐ አባቷ እንደምትናገር። ሁለት ቦምቦሊኖ! እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰው በበላው እንዲሸማቀቅ ያደርጋል ባይ ነኝ። የማይስማማ ይምጣ።

ብራንዱ፦ መጣሁ። ማስታወቂያ ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ማስታወቂያ ቁስል አይፈጥርም፣ ፕላስተር ነው የሚሸጠው። ልጅቷ ስለ ቦምቦሊኖው የከፋት ስክሪኑን ስላየች አይደለም። ከቤቷ ይዛው ነው የወጣችው።

ሽሮ ፈሰስ፦ በአንድ እጁ ምላጭ፣ በሌላው ፕላስተር የያዘ ሰው ምን ይባላል?

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ ብራንዱ ይባላል።

ፊደል ይከበር፦ ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ?

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ በፀሐዩ።

ፊደል ይከበር፦ በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? አንቺ ግን አርመሽ ነው የጻፍሽው፣ ተባረኪ።

ብራንዱ፦ ወደ ቁም ነገሩ ብንመለስ። ሰው ሰውነቱን መጠበቅ ይፈልጋል፣ ኩባንያው አማራጭ አቀረበ፣ ያልፈለገ አይገዛም። ምላጭ ያወጣ ሰው የለም።

ጋሼ ለገሃር፦ ልጆች፣ ይሄ «ከቤቷ ይዛው ወጣች» የሚባለው ነገር አልገባኝም። ከየትኛው ቤት? እኛ ቤት «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነበር። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ «ተስማምቶሻል፣ አማረብሽ» ይላል። የሚሸማቀቀው የከሳው ነበር። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» እየተባለ መግቢያ ያጣል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነፍስ ያወቀ ሰው፣ ሚዛን ላይ ቆማ የምትስቅ ልጅ ሲያይ ግራ ይገባዋል።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎም ቤት ጸጸት ነበር። «በሞቴ» ምንድን ነው ታዲያ? ጠግቤያለሁ ስል አክስቴ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። እምቢ ካልኩ ገደልኳት ማለት ነው። እኔን እዚህ ያደረሰኝ ያ ነው። እኛ አገር ሰውን በምግብ ማስጨነቅ የጀመረው ስክሪን ሳይተከል ነው።

ጋሼ ለገሃር፦ ልጄ፣ አክስትህ ብር አላስከፈለችህም።

የፒያሳ ልጅ፦ አያውቋትም ጋሼ። በሠርጌ ቀን ታስከፍለኛለች።

ብራንዱ፦ ይኸው! የፒያሳ ልጅ የእኔን ሐሳብ ነው የተናገረው። ቁስሉ የቆየ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እንዳትጠቀምብኝ። አክስቴ የምታስጨንቀኝ እንድበላ ነው። አንተ የምታስጨንቀኝ ስለ በላሁ ነው። በመሃል እኔ ጉሮሮዬ ላይ ቀረሁ።

ሲስተር ማኪያቶ፦ ክሊኒክ ነው የምሠራው። በየቀኑ «ሲስተር፣ ትናንት አጠፋሁ» እያሉ ሚዛን ላይ የሚወጡ ሴቶች አያለሁ። አጠፋሁ የሚሉት ጥብስ በልተው ነው። ጸጸት ግን አያቀጥንም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1975 ኸርማን እና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት የታወቀ ሙከራ አለ። ለአመጋገባቸው የሚጨነቁና የማይጨነቁ ሰዎችን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ ሚልክ ሼክ ሰጧቸው። ከዚያ ለሁሉም አይስክሬም አቅርበው የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ አሏቸው። የማይጨነቁት፣ ሚልክ ሼክ ከጠጡ በኋላ ያነሰ አይስክሬም በሉ። የሚጨነቁት ግን ጭራሽ ባሰባቸው፤ ሚልክ ሼክ የጠጡት ካልጠጡት የበለጠ በሉ። አንዴ ገድፌያለሁ ብለው ለቀቁት ማለት ነው። ረቡዕ ጠዋት ረስቶ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ማታ ክትፎ ቤት እንደሚገኘው።

አርብ ረቡዕ፦ ጾምን እዚህ ውስጥ አታስገቡ እባካችሁ። ጾም ለነፍስ ነው፣ ዳይት ለጂንስ ሱሪ ነው።

ሽሮ ፈሰስ፦ የጾም ኬክ የሚበላውስ ለምንህ ነው ወንድሜ?

አርብ ረቡዕ፦ እሱን ለበላው ሰው ጠይቀው።

ሽሮ ፈሰስ፦ እየጠየቅኩህ ነው እኮ።

ሳምቡሳ፦ እኛ ዘንድ በኢፍጣር ሰዓት ሳምቡሳ የሚቆጥር ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፣ አልሐምዱሊላህ። ቀጥሉ።

ብራንዱ፦ ሲስተር፣ የ1975ቱ አይስክሬም ቀልጧል። ደግሞ ሙከራው ውስጥ ማስታወቂያ አልነበረም።

ሲስተር ማኪያቶ፦ ልክ ነህ፣ ማስታወቂያ አልነበረም። ጭንቀቱ ግን ነበር። ያንተ ፕላስተር የሚለጠፈው እሱ ላይ ነው። ከለጠፍክ በኋላ ደግሞ ቁስሉ እንዲድን አትፈልግም፣ ሁለተኛ ፓኬት ማን ይገዛሃል?

ሽሮ ፈሰስ፦ ፕላስተሩ ሲላጥ ከነቆዳው ነው የሚነሳው።

ብራንዱ፦ ከፕላስተሯ ውጡ እንጂ! ምሳሌ ነው ያመጣሁት።

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ አንተ ነህ የለጠፍከው፣ እንዴት እንወጣለን?

እቴጌ ነኝ፦ አንድ ያላያችሁት ነገር አለ። «እንዳትጸጸቺ» ነው የሚለው። አማርኛ ደግነቱ አያስደብቅም። እንዳትጸጸት አላለም። እንዳትጸጸቱ አላለም። አንቺ ብሎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ ለእኔ ነው የተናገረው። የወንዱ ቦርጭ የት ሄደ? ቁርጥ ቤት ግድግዳ ላይ «ቆርጠህ እንዳትጸጸት» የሚል ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ለወንድ ቦርጭ የጥጋብ ምልክት ነው። ለእኔ የምርመራ መዝገብ ነው።

ብራንዱ፦ ገዢዋ ሴት ናት፣ ለገዢ ነው የሚጻፈው። «እንዳይጸጸቱ» ብንል ለአዛውንት መሰለ ትሉናላችሁ።

እቴጌ ነኝ፦ «ብንል» አልክ? ቆይ፣ አንተ ነህ እንዴ የጻፍከው?

ብራንዱ፦ እኔ አይደለሁም። በሙያው ስም ነው።

ሽሮ ፈሰስ፦ በሙያው ስም ይቅርታ ጠይቀና።

ናቹራል ሻይ፦ ውድ ደንበኞቻችን! በ15 ቀን ውስጥ የቦርጭን ድራሹን የሚያጠፋ ሻይ ገብቷል። ያለ ስፖርት! ያለ ዳይት! በውስጥ መስመር ያናግሩን።

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ ስለ ፕላስተር ስናወራ ሱቁ ራሱ መጣ።

ሲስተር ማኪያቶ፦ ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ሰና የሚባል ቅጠል አለ። ሆድ ማስኬጃ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም። ውኃ ሲጠጡ ይመለሳል። አዘውትረው የሚጠጡት ደግሞ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ናቹራል ሻይ፦ ለሲስተር ልዩ ቅናሽ እናደርጋለን።

አድሚን፦ ናቹራል ሻይን አሰናብቻለሁ። ክርክሩ ይቀጥል፣ በጨዋነት።

ዲያስፖራው፦ እዚህ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ ነገር ነበር። በቢኪኒ የቆመች ሴት፣ የማቅጠኛ ምርት ቢጫ ማስታወቂያ፣ ሰውነትሽ ለባሕር ዳርቻ ዝግጁ ነው ወይ የሚል። የአገሩ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ጋ 378 አቤቱታ ገባ። በዓመቱ ከንቲባ ሳዲቅ ካን ሰውን በሰውነቱ የሚያሸማቅቅ ማስታወቂያ ከከተማው ባቡርና አውቶቡስ ላይ እንዲነሳ አደረጉ። ሰው ካልጮኸ የሚነሳ ነገር የለም።

ብራንዱ፦ ሙሉውን ንገራቸው እንጂ። ተቆጣጣሪው እኮ ፎቶውም ጥያቄውም ነውር የለበትም ብሎ ነው የወሰነው።

ዲያስፖራው፦ ያቀጥናል የሚለው ወሬ ስላሳሰበው ግን በዚያ መልኩ ዳግም እንዳይወጣ አለ። ግማሹን ብቻ የምትጠቅሰው ብስኩቱ ላይ ካሎሪ እንደምትጽፉት ነው።

ነገረ ፈጅ፦ እኛም ጋ ሕግ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ የሰውን ክብርና የጾታ እኩልነት የሚነካውንም። ስለ ጸጸት ግን ዝም ነው። «በልተሽ እንዳትጸጸቺ» አሳሳች ነው የሚል ካለ ብስኩቱን በልቶ፣ ተጸጽቶ ይምጣና ክስ እንመሥርት።

ሽሮ ፈሰስ፦ በ2011 በወጣው አዋጅ ቢራን ከቲቪ ያስወጣ አገር ብስኩት ያቅተዋል?

ብራንዱ፦ ቢራ ያሰክራል። ብስኩት ያሰክራል?

የፒያሳ ልጅ፦ ቢራ ራሱ እኮ ሰውን አያሸማቅቅም ነበር። ማስታወቂያው ላይ ሁሉም ይጨፍራል።

ቁጥር አምጡ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 22 ከመቶው ከሚገባቸው በታች የከሱ ናቸው። ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ። እዚህ አገር ላይ ቆሞ «በልተሽ እንዳትጸጸቺ» ማለት ድፍረት ነው።

ብራንዱ፦ የአገሩን ቁጥር ሜክሲኮ አደባባይ አታምጣው። ማስታወቂያው ገጠር አልተሰቀለም። ከተማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ፣ በመኪና ተመላልሶ፣ ማታ በርገር የሚያዝ ሰው ሞልቷል። ስኳርና ደም ግፊት ከተማውን እየጨረሱት ነው። ይሄን ማን ይንገረው? ስንናገር አሸማቀቃችሁ ትሉናላችሁ፣ ዝም ስንል ሰው ይታመማል።

ጋሼ ለገሃር፦ ይሄኛው እውነት አለው። እኔም ግፊት አለብኝ።

የአባቱ ልጅ፦ ስለ ስኳር ከተነሳ እኔም ልናገር። አባቴ ስኳር አለበት። ከአንድ ሱፐርማርኬት «ስኳር አልባ» የሚል ብስኩት ገዝቶ መጣ። እንደዚያን ቀን ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ከጋዜጣው ጋር ቁጭ ብሎ ፓኬቱን ጨረሰው። ስንቆጣ ጽሑፉን በጣቱ እየነካ «አንብቡ፣ የለውም ይላል» ይለናል። ማታ ስንለካው 280። ስኳር የለውም ማለት ዱቄት የለውም ማለት አይደለም። ማንም አልነገረውም። አባቴ ብስኩቱን ሳይሆን ፈቃድ ነው የገዛው።

ሲስተር ማኪያቶ፦ እግዚአብሔር ይማረው። እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ እንሰማለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በስኳር ምትክ በሚገባ ማጣፈጫ ክብደት ለመቀነስ አትሞክሩ የሚል ምክር አውጥቷል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ስለዚህ ለእነሱ የተሠራ ምርት ይኑር፣ ማንም አልተቃወመም። ግን ለአባትህ የሚሸጠውንና ዩኒፎርም ለለበሰችው ልጅ የሚሸጠውን በአንድ አፍ አታስተዋውቅ።

ብራንዱ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ስክሪን ሾት አንሱ!

ብራንዱ፦ በከፊል እስማማለሁ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ተላጠ።

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ እኔ ከሥራ ወጥቼ ብስኩቱን ገዛሁት። አትቆጡኝ፣ ለምርምር ነው። ዋጋው የተለመደው ብስኩት እጥፍ ነው። ከጀርባው ካሎሪው በትንሹ ተጽፏል፣ ደስ ይላል። ከዚያ ስልኬን አብርቼ ሳየው «ለ2 ፍሬ» ይላል። ውስጡ 12 ፍሬ አለ። ሁለት ብስኩት በልቶ ፓኬት የሚያጥፍ ሰው አገራችን ላይ አለ?

እቴጌ ነኝ፦ አለ። ሚዛን ላይ ቆማ የምትስቀዋ።

የታክሲ ሰልፈኛዋ፦ ቀምሼዋለሁ። ካርቶን ከቀረፋ ጋር ነው። ለእናቴ ምንም ሳልነግራት ከሻይ ጋር አቀረብኩላት። ሰባቱን በላችና «ይሄ ደግሞ ምኑ ያጠግባል፣ እስቲ እንጀራውን አቅርቢ» አለች። «እማ፣ ተጸጸትሽ?» አልኳት። ዋጋውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «አሁን ተጸጸትኩ» አለች።

ሽሮ ፈሰስ፦ ነገረ ፈጅ፣ ከሳሽ ተገኝቷል!

ነገረ ፈጅ፦ ደረሰኝ ይዛለች?

ብራንዱ፦ ቆይ፣ ሰባቱን ነው የበሉት? ማሸጊያው ላይ ሁለት ይላል እያልሽ?

ፊደል ይከበር፦ ማሸጊያው ላይስ በየትኛው ጸ ነው?