«አንቀላፉ» ብዬ ጻፍኩ፤ እትዬ አማተቡ

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ አንድ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀርቷል።

ያን ሰሞን ዶናልድ ትራምፕ ኒውዮርክ ውስጥ ማንሃተን በሚገኘው የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር፤ የንግድ ሰነድ አዛብተው መዝግበዋል በሚል በ34 ክስ። እኔ ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ እንግሊዝኛ ለማያነቡ አረጋውያን ጎረቤቶቼ የሳምንቱን ወሬ በአንድ ገጽ አማርኛ ጨምቄ አድላለሁ። ችሎቱ በተከፈተበት ቀን፣ ሚያዝያ 7፣ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛዋ ማጊ ሃበርማን ተከሳሹን ጥቂት ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው እንደሚመስል፣ ራሳቸውም ወደ ደረታቸው እንዳዘነበለ ጻፈች። እኔም ሳላመነታ «የቀድሞው ፕሬዚዳንት ችሎት ላይ አንቀላፉ» የሚል ርእስ ሰጠሁት።

አንዲት እትዬ የምንላቸው ጎረቤቴ ወረቀቱን ተቀብለው ርእሱን ብቻ አነበቡና አማተቡ። «ነፍስ ይማር! ምን አገኛቸው?»

ሁለተኛው ጣጣ በሚያዝያ 24 መጣ። ሰውየው ራሳቸው በማኅበራዊ ገጻቸው መልስ ሰጡ፦ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ውብ ሰማያዊ ዓይኖቼን አንዳንዴ እዘጋለሁ፣ አጥብቄም አዳምጣለሁ። ይህን ስተረጉም «እጨፍናለሁ» ልበል «እከድናለሁ»? ሁለቱንም ጽፌ ሁለቱንም ሰረዝኩ። እባካችሁ እርዱኝ።

የኔታ ጡረተኛው፦
እትዬ አልተሳሳቱም ልጄ፤ የተሳሳትከው አንተ ነህ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 መጨረሻ ላይ እስጢፋኖስ ድንጋይ እየወረደበት ጸልዮ «አንቀላፋ» ነው የሚለው። በቤተ ክርስቲያን ጆሮ ላደገ ሰው ቃሉ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት አለው። ተማሪዬ ክፍል ውስጥ አንቀላፋ ብል ማንም አያማትብም። ግን የ77 ዓመት ሰው ወስደህ፣ በአክብሮት «አንቀላፉ» ብለህ፣ ከላይ «የቀድሞው ፕሬዚዳንት» ብትጨምርበት የሞት ማስታወቂያ እንጂ የፍርድ ቤት ዜና አይሆንም። የጎደለው ፎቶግራፉና የቀብሩ ሰዓት ብቻ ነው።

ለዚያ ዓይነቱ ነገር «ሸለብ አደረጋቸው» የሚባል ለስላሳ ቃል አለልህ። ራሱ ወደ ደረቱ እየወረደ፣ ነቃ እያለ፣ እንደገና የሚወርደው ሰው ደግሞ «ያንጎላጃል» ይባላል። ማንጎላጀት የአንገት ቃል ነው፤ አንገት ሲከዳ የሚታየውን ይስላል። ጋዜጠኛዋ ያየችው ይህንን ይመስለኛል። «ለጥ ብሎ ተኛ» ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው፤ ለዚያ አልጋ ያስፈልጋል፤ ወይም የሰኞ ማለዳ ስብሰባ።

ጥቁር ካባ፦
የኔታ፣ በቃሉ እስማማለሁ፤ የጠበቃ ዓይኔ ግን ያረፈው «የሚመስል» የምትለዋ ላይ ነው። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሙግቱን በቴሌቪዥን አላስተላለፈም። እኛ ያየነው ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎችንና የሠዓሊዎችን ንድፍ ነው። ጋዜጠኞቹ እኩሌቶቹ በአዳራሹ፣ እኩሌቶቹ በሌላ ክፍል በተዘረጋ ስክሪን ነበር የሚከታተሉት። ስለዚህ ምስክርነታቸው «ዓይናቸው ተከድኖ፣ ራሳቸው አዘንብሎ አይተናል» ከሚለው አያልፍም። ከዐይን ቆብ በስተጀርባ ያለውን ማንም አላየም። ቃል ለቃሚ በርእሱ «የሚመስለውን» ጥሎ ፍርድ ሰጠ። ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ነው!

ሌላም ልጨምር። ያን ሰሞን ሁሉም ሰውየውን «በዓይነ ቁራኛ» ይጠብቃቸው ነበር ብንል ቃሉ እዚያው ቤቱ ገባ ማለት ነው። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ነጠላው ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

እንኮይ፦
እናንተ ቃሉን ትመዝናላችሁ፤ እኔ ቅጥያውን ልመዝን።

በአማርኛ እንቅልፍ ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። ወሰደው፣ ጣለው፣ ተጫነው፣ አሸነፈው እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ባለቤቱ እንቅልፍ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ከግሱ ጭራ ላይ ተንጠልጥሏል። ብርድም እንዲሁ ነው፦ በረደኝ፣ ቆፈነኝ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ከፋኝም ያው ናቸው። ገላችን ላይ የሚደርሰውን ነገር እኛ አድራጊ ሆነን አንናገረውም፤ ይደርስብናል።

አሁን የሰውየውን መልስ እንደገና አንብቡት። ጋዜጦቹ «እንቅልፍ ወሰዳቸው» አሉ፤ ተሳቢ አደረጓቸው። እሳቸው «እኔ ዓይኔን እዘጋለሁ፣ እኔ አዳምጣለሁ» ብለው ባለቤት ሆነው ተመለሱ። እንግሊዝኛው ውስጥ ይህ ክርክር ስለ ሁለት ድርጊት ነው። አማርኛው ውስጥ ግን ከግሱ መድረክ ላይ ማን እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ተጎተተ በግልጽ ይታያል። ቃል ለቃሚ፣ አንተን ያስቸገረህም «መጨፈን» እና «መክደን» ብቻ አይመስለኝም።

ጥቁር ካባ፦
እንኮይ እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ልቃወምሽ። ተኛ፣ አንቀላፋ፣ አንጎላጀ፤ ሦስቱም ሰውየውን ባለቤት ያደርጋሉ።

እንኮይ፦
ልክ ነህ፤ ግን ማን መቼ እንደሚጠቀምባቸው ተመልከት። የሌሊት ጥበቃ ሲያዝ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ይላል። አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ «በሥራ ሰዓት ተኝቶ ተገኝቷል» ይላል። አንዱ እንቅልፍን ይከሳል፣ ሌላው ጥበቃውን።

ጥቁር ካባ፦
ተረታሁ። ከነገ ጀምሮ ለደንበኞቼ አስተምረዋለሁ።

የኔታ ጡረተኛው፦
የወንጌሉም አጻጻፍ ከጥበቃው ጎን ነው። በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው ሲገኙ ወንጌላዊው ዓይናቸው ከብዶ ነበር ይላል፤ ጥፋቱ የዓይን ክብደት ሆነ። የሚገርመው፣ ሰውየው ያንን መልስ የጻፉበት ሚያዝያ 24 በእኛ አቆጣጠር ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ያ ታሪክ የሚታሰብበት ዕለት። ማወዳደሬ አይደለም፤ የቀን ግጥምጥሞሽ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። መክደን ከክዳን ነው፤ ድስት ይከደናል፣ ምሥጢርም ይከደናል። ዓይንን መክደን ለስላሳ ነው፣ የሟችንም ዓይን የምንከድነው በዚሁ ቃል ነው፤ ስለዚህ ለእትዬ ዳግመኛ አትጻፈው። መጨፈን ጠንከር ይላል፤ ፈቃድ አለበት። ሕፃን መርፌ ሲመጣበት ይጨፍናል፤ ጸሎተኛም ይጨፍናል፤ ሳያስብ የገባበትንም «ዓይኑን ጨፍኖ ገባ» እንላለን። ሰውየው «ፈቅጄ ነው» ማለታቸው ስለሆነ «እጨፍናለሁ» ብለህ ጻፍ።

ጆሮውስ? «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚባለው የሚሰማውን እንዳልሰማ የሚያልፈው ነው፤ ዳባ የለፋ ቆዳ ልብስ ነው፣ ጆሮህን አልብሰው እንደ ማለት። እሳቸው የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ዓይን ይልበስ፣ ጆሮ ራቁቱን ይቅር። ለዚህ የተዘጋጀ ፈሊጥ የለንም። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለን፤ እሱ ግን አላየሁም ብሎ የሚምል ሰው ቃል ነው፣ ለምስክር እንጂ ለተከሳሽ አይሆንም።

ቃል ለቃሚ፦
የኔታ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። «እጨፍናለሁ» ገባ።

ግን ያልጠየቅኳችሁ ሌላ ጉድ አለ። ሚያዝያ 29 ምስክር እየተሰማ ሳለ ዳኛው ኋን ማርሻን ጠበቃውን ቶድ ብላንሽን ወደ መንበራቸው ጠርተው፣ ደንበኛህ እስኪሰማ ድረስ እየተሳደበ ነው፣ ራሱን እየነቀነቀ ነው፣ ይህ ችሎቱን መናቅ ነው አሏቸው። እኔ መጀመሪያ «እየተራገሙ ነው» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጓደኛዬ አንብቦ «ማንን ረገሙ? እስከ ስንት ትውልድ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቁር ካባ፦
ደግ አደረገ። እርግማን በእኛ ዘንድ ከአባት አፍ ወጥቶ ልጅን የሚከተል ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስድቡንም እርግማኑንም ይሸከማል፤ በአማርኛ ግን የተሳደበ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተረገመ ንስሐ አባቱን ይፈልጋል። «ስድብ ሲያጉተመተሙ ተሰሙ» በቂ ነው።

ማጉተምተም ስል ሆን ብዬ መርጬ ነው። ማንሾካሾክ ለአንድ ጆሮ የታሰበ ነው፤ ጠበቃና ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ይንሾካሾካሉ፣ ማንም አይከሳቸውም። ማጉረምረም ደግሞ የብዙዎች ቅሬታ ይመስለኛል፤ እስራኤል በምድረ በዳ ያጉረመረሙት፣ ሰማዩም የሚያጉረመርመው። ማልጎምጎም ቂም አለበት። ማጉተምተም ግን ቃሉ ከጥርስ ሳያልፍ ድምፁ የሚያመልጥ ነው፤ ተናጋሪው ለራሱ የሚናገር ይመስላል፣ ክፍሉ ሁሉ ግን ይሰማል። ችሎቱ በተከፈተ በማግስቱም አንዲት ለፈራጅነት የታጨች ሴት ስትጠየቅ ሰውየው እንዲሁ ሲያጉተመተሙ ተሰምተው ዳኛው ፈራጆቹን ማንም እንዲያስፈራራብኝ አልፈቅድም ብለው ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኔ የወደድኩት ዳኛው ጠበቃውን ወደ ጎን መጥራታቸውን ነው። ሰው ፊት ላሳፍረው ስለማልፈልግ ነው ብለው ተናገሩ። አያቴ ቢሰሙ «ገመናውን ከደነለት» ይሉ ነበር፤ የየኔታ መክደን እዚህ ቦታዋን አገኘች።

በሕጉ ቋንቋ ይህ «ችሎት መድፈር» ነው፤ በእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 የሚመለከተው። ደፈረ ከባድ ግስ ነው፤ አንዱ ጫፉ ጀግና፣ ሌላው ጫፉ ባለጌ። ሰውየው ስለ ምስክሮችና ስለ ፈራጆቹ እንዳይናገሩ የወጣውን ትእዛዝ 9 ጊዜ ጥሰዋል ተብለው 9,000 ዶላር፣ ከሳምንት በኋላም ለ10ኛው 1,000 ዶላር የተቀጡት በዚሁ ነው። ያንን ትእዛዝ ጋዜጦች «አፍ የማዘጋት ትእዛዝ» ሲሉት አይቼ አዘንኩ። ልጓም የሚባል ቃል እያለን! «አፍ የሚለጉም ትእዛዝ» ቢባል ፈረሱም፣ ጋላቢውም፣ ሜዳውም ይታያል።

የኔታ ጡረተኛው፦
«ፈራጆቹ» አልክ። ከሕዝቡ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉትን እነዚያን 12 ሰዎች ነው? ዳኛም ዳኛ፣ እነሱም ዳኛ ከሆኑ አንባቢ ይደናገራል።

ጥቁር ካባ፦
እኛ አገር የሌለ ነገር ስለሆነ ቃሉም የለም የኔታ። «የሕዝብ ዳኞች» እላለሁ፣ አልወደውም። 6ቱን «ተጠባባቂ» ስላቸው ደግሞ ኳስ ሜዳ የገባሁ ይመስለኛል።

እንኮይ፦
የምስክሩን ጉዳይ ረሳችሁት! ግንቦት 12 የመከላከያ ምስክር የነበረው ሮበርት ኮስቴሎ ዳኛውን ትኩር ብሎ ሲያይ፣ ዳኛው «እያፈጠጥክብኝ ነው?» ብለው አዳራሹን አስወጡ። በእንግሊዝኛው ሦስት አራት ቃል የፈጀው ነገር በአማርኛ በአንዲት «ብ» ያልቃል። አየኝ ማለት አየኝ ነው፤ አፈጠጠብኝ ሲባል ግን ማየቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

ነገር ግን «እያፈጠጥክብኝ» ወይስ «እያፈጠጡብኝ»? ዳኛው ተቆጥተዋል፣ ሰውየው አዛውንት ጠበቃ ነው። እኔ በ«አንተ» ጻፍኩ፤ ቁጣ «እርስዎ» ሲል ምጸት ይመስላልና።

ቃል ለቃሚ፦
እኔም በዚሁ ተቸግሬያለሁ። ጋዜጦቻችን ተራውን ሰው ክስ በተመሠረተበት ማግሥት ከ«አሉ» ወደ «አለ» ያወርዱታል። ትራምፕ ግን በ34ቱም ክስ ግንቦት 22 ጥፋተኛ ሲባሉም «አሉ» ነበሩ። ከፍርድ በፊት ሁሉም ንጹሕ ከሆነ አክብሮቱ ለሁሉም መሆን ነበረበት፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም።

አሁን የመጨረሻው፤ ብርዱ። ሰውየው በየቀኑ ማለት ይቻላል ስለ ክፍሉ ቅዝቃዜ ያማርሩ ነበር። ሕንፃው አሮጌ ነው፤ ዳኛውም ብርድ መኖሩን አምነው፣ ከማላብ ትንሽ መብረድ ይሻላል አሉ። ሚያዝያ 18 ግን ተከሳሹ «ሆን ተብሎ ይመስለኛል» ብለው ጨመሩበት። እኔ «ሆን ብለው አበረዱት» ብዬ ጻፍኩ፤ አነበብኩትና አልጣመኝም።

እንኮይ፦
አይጥምህም፤ «አበረደ» የሽማግሌ ሥራ ነው። ጠብ ያበርዳሉ፣ ቁጣ ያበርዳሉ። ፍርድ ቤቱን አመሰገንከው እኮ! «ሆን ብለው በብርድ አስመቱኝ» በል። «ብርድ መታኝ» ቢሉ ኖሮ ከሳሽ የለም፤ ብርዱ ብቻ ነው ያለው። «አስመቱኝ» ሲሉ ግን ከብርዱ ኋላ እጅ ታየ። እንቅልፉን ሲያስተባብሉ ራሳቸውን ባለቤት አደረጉ፣ ብርዱ ላይ ሲመጡ ደግሞ ሌላ ባለቤት ፈለጉለት። ሰዋስው የሚያውቁ ተከሳሽ ናቸው።

ቃል ለቃሚ፦
ገጹን እንደገና ጻፍኩት። ርእሱ፦ «ትራምፕ፦ በብርድ አስመቱኝ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም»። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ለእትዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ ወረቀቱን አጠፉት።

«እንዲህ ከበረዳቸው» አሉ፣ «ጋቢ የሚያቀብላቸው ሰው አጡ?»